«አሸነፍን» ስንል እኛ ማን ነን?

ደርቢውን ባሸነፍንበት ማታ አንዲት ዶርም ውስጥ አሥራ አንድ ሆነን ተቀምጠን ነበር። ቁጥሩ ገጥሞ ነው እንጂ ቡድን ለማቋቋም አስበን አልነበረም። አራት አልጋ ላይ ተደራርበን፣ አንዱ ጫማውን ሳያወልቅ፣ አንዱ የቡድኑን ሻርፕ እንደ ጋቢ ተከናንቦ፣ ዘጠና ደቂቃ የፈጀውን ጨዋታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ደግመን ተጫወትነው። የየትኛው ቡድን ደጋፊዎች እንደሆንን ግን አንናገርም። የፈረሰኞቹ ነን ብንል የቡናማዎቹ ወገን የሆነ አንባቢ እዚህችው ላይ ገጹን ያጥፈዋል፤ የቡናማዎቹ ነን ብንልም ያው ነው። ደግነቱ በሁለቱም ሻርፕ ላይ ቢጫ አለ። አንባቢ ለዚህ ጽሑፍ ያህል ቢጫውን ብቻ ይመልከትልን።

ጨዋታውን ያየነው በቴሌቪዥን ነው። ድሮ ቢሆን አዲስ አበባ ስታዲየም ገብተን፣ ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ ቆመን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኸን እንመለስ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ሲጀምር ግን ሸገር ደርቢ የሚባለው ጨዋታ ራሱ ሸገርን ጥሎ የወጣበት ጊዜ መጣ። ተማሪውም ሻይ ቤት ተቀምጦ በስክሪን ላይ መጮህ ለመደ። ይህን የምናነሣው ላላየነው ዘመን ለመቆዘም አይደለም። በስክሪን የሚያይ ሰው ዓይኑ ኳሷን ብቻ ይከተላል፤ ኳስ ሳይዝ የሚሮጠውን፣ ቦታውን ጥሎ የቆመውን ልብ አይልም። በክርክራችን ውስጥ ይህም የራሱ ድርሻ ነበረው።

ያሸነፍነው አንድ ለባዶ ነው። ጎሏ የመጣችው ወደ ማለቂያው ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሰማንያ ደቂቃ ያህል ሊያነሣ የፈለገ ሰው አልነበረም፣ ከአንድ ልጅ በቀር። ጸጥ ያለ ልጅ ነው። ጨዋታ ሲያይ ደብተር ይይዛል፤ በዚህም ስንስቅበት ኖረናል። ሁላችንም ጎሏን ለአምስተኛ ጊዜ ስናስገባ እሱ እንዲህ አለ፦

«ማሸነፉንስ አሸንፈናል። ግን ካለፈው ሳምንት ሽንፈታችን የዛሬው ድላችን ይብሳል።»

መጀመሪያ ትራስ ተወረወረበት፤ ገና ሳቅ ነበር። እሱ ቀጠለ። መሐል ሜዳውን ጨርሰን ለእነሱ ትተንላቸው እንደነበር፣ ከበረኛችን የሚነሣው ኳስ ሁሉ በረጅሙ እየተለጋ ለእነሱ እንደሚደርስ፣ ግራ መስመራችን ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ሁለቱን በረኛው፣ አንዱን ቋሚው እንዳዳነን ዘረዘረ። «በረኛው የጨዋታው ኮከብ የሆነበት ቡድን ጤነኛ ነው እንዴ?» አለ። አሁን ሳቁ ቀነሰ። አንዱ «ሂድና ከእነሱ ጋር አልቅስ!» አለው። ሌላው «ድሮም ነገረ ሥራህ አላማረኝም» አለ። ሦስተኛው፣ ከእኛ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነው፣ ይህ ይጻፍ ብሎ የጎተጎተንም እሱ ነው፣ ረጋ ብሎ «ለመሆኑ አንተ የማን ነህ?» ሲል ጠየቀው።

ልጁ መልስ አልሰጠም። ደብተሩን አጠፈ፣ ጫማውን አሰረ፣ «ደህና እደሩ» ብሎ ወደ ብሎኩ ሄደ። አሥር ቀረን። ጎሏንም ለስድስተኛ ጊዜ አስገባናት። ከዚያ ማታ በኋላ ልጁ ወደ እኛ ዶርም ዝር አላለም።

ለመሆኑ ምን አጠፋ?

የመጀመሪያው መልሳችን «ሦስት ነጥብ ሦስት ነጥብ ነው» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ የደረጃ ሠንጠረዥ «እንዴት አገኛችሁት?» ብሎ አይጠይቅም። ነገር ግን እኛ ስንከራከር ያመሸነው ስለ ነጥብ አልነበረም፣ ስለ ቡድኑ ወቅታዊ አቋም ነበር። ስለ አቋም ሲጠየቁ በውጤት መመለስ፣ ሐኪም «ምን ያምሃል?» ሲለው «ትናንት ሎተሪ ወጥቶልኛል» እንደሚል በሽተኛ መሆን ነው። ሎተሪው መውጣቱን ማን ካደ?

ደርቢ ደግሞ ስለ አቋም ለመመስከር ከጨዋታዎች ሁሉ የማይታመን ምስክር ነው። በሌላው ሳምንት የማይሮጠው ይሮጣል፤ የታመመው ድኛለሁ ብሎ ይሰለፋል፤ አቅም ያለው ቡድን በፍርሃት እግሩ ይተሳሰራል። ጎል ጥቂት በሚገባበት በዚህ ጨዋታ አንዲት ኳስ ቋሚ ነክታ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መሄዷ ሳምንቱን ሙሉ «ብቁ ነን» ወይም «አለቀልን» ያሰኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የደርቢ ትጥቅ ሁሉ እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ቀጥሎ ምን ሆነ? ልጁ እንዳለው ቡድኑ ወደቀ?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። አንነግረውም። ብንነግረው ያንኑ ስሕተታችንን ልብስ ቀይረን መድገማችን ነው። ቡድኑ ቀጣዩን ጨዋታ ቢሸነፍ «ለካ ልጁ ልክ ነበር»፣ ቢያሸንፍ «ልጁ ተሳስቶ ነበር» ልንል ነው፤ በሁለቱም መንገድ ውጤት ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ልጁ ልክ የሆነው ወይም ያልሆነው በዚያው ማታ፣ ባየው ነገር ነው። ግራ መስመራችን ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ነበር ወይስ አልነበረም? ተከፍቶ ነበር። ሁላችንም አይተናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ድል ዓይን እንደሚጋርድ የሚያሳይ፣ ከእኛ ዶርም የሰፋ የአገር ምሳሌ አለ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነበር። ከእኛ አብዛኞቻችን ያኔ ልጆች ነበርን። የመኪናው ጡሩምባ፣ መንገድ ለመንገድ የሚጨፍረው ሰው፣ የማናውቀው ሰው አንሥቶ የሳመን፣ ይህ ሁሉ ትዝ ይለናል። ጌታነህ ከበደ ያገባት የአቻነቷ ጎልም ትዝ ትለናለች። ማሸነፊያዋን ጎል ግን ያገባልን በርናርድ ፓርከር የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ ነው። አስቀድሞ እኛ ላይ ያገባው ያው ሰው፣ ኋላ ሳያስበው የራሱን መረብ መታ። ይህን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ጎሉ ሁሉ ጎል ነውና ይሁን። የሚቆጨው ሌላው ነው። ጭፈራው ሳያልቅ፣ በዚያው ዕለት፣ ፊፋ ኢትዮጵያን እየመረመረ መሆኑ ተሰማ። ሁለት ቢጫ ካርድ ስላየ አንድ ጨዋታ ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ከሳምንት በፊት ቦትስዋናን ባሸነፍንበት ጨዋታ ተሰልፎ ኖሯል። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ፤ የቦትስዋናው ድል ተነጥቆ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። ቡድኑ እንዲያም ሆኖ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰና በመጨረሻው ማጣሪያ ናይጄሪያ አስቀረችው።

ሁለት ካርድ ነው። አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር ነው። ቡድኑ ባይሳካለት ኖሮ ካርድ ብቻ ሳይሆን የጫማ ክር የሚቆጥር ሞልቶ ነበር። ድል በድል ላይ ሲደራረብ ግን «ቆይ እስቲ፣ ካርዱን እንቁጠር» የሚል ሰው ሟርተኛ ይመስላል። እኛ ዶርም ውስጥ የነበረው ቆጣሪ ምን እንደተባለ አንባቢ አይቷል።

ሌላው ምሳሌ የምንወደው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታን፣ ሁለት ጊዜ ደርሰንባት፣ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ፤ እነዚህን ስሞች ከእናት ጡት ጋር ነው የጠጣናቸው። በዚያ ውድድር የተካፈሉት ግን አራት አገሮች ብቻ እንደነበሩ፣ ዋንጫውም የተገኘው በሁለት ጨዋታ እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም። ከእኛ አንዱ ይህን አንብቦ በበዓል ቀን አጎቱ ፊት ቢያነሣው፣ አጎትየው «አንተ ደግሞ ምን አለበት አፍህን ብትዘጋ» ብለው ዶሮውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ለምን? ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ መነሣት አራት አገር ቢሆን፣ አርባ አገር ቢሆን ያው ነው፤ ቁጥሩ ቢነገር ዋንጫው ቁመቱ አይቀንስም። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ እስከ 2005 ዓ.ም. ሠላሳ አንድ ዓመት ለዚያ ውድድር እንኳ ሳንደርስ ስንቀር የተንተራስነው ግን ይህንኑ ዋንጫ ነው። ዋንጫ ለትራስ አይመችም ነበር።

አሁን ወደ ዶርማችን እንመለስና የተቃዋሚያችንን ቃል እንስማ። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከመካከላችን አንዱ «ይህ አንቀጽ ካልገባ ስሜ ይውጣ» ብሎናል። ክርክሩ እንዲህ ነው። ደስታ አስተያየት አይደለም። ጎል ሲገባ የሚዘል ሰው «ቡድኔ ብቁ ነው» እያለ አይደለም፤ እየዘለለ ነው። ቲፎዞ የሚለው ቃላችን ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ ቲፎ፣ የተስቦ በሽታ ስም ነው። ትኩሳት የያዘውን ሰው «ሚዛናዊ ሁን» ይሉታል? ሳምንቱን ሙሉ ምግቡ አልጣፈጠው፣ ፈተናው አልቀናው፣ ከቤት የሚላክለት ገንዘብ ዘግይቶበት የቆየ ተማሪ አንዲት ማታ ቢያገኝ፣ በዚያችው ማታ ስለ ግራ መስመር ማውራት ምን የሚሉት ፍቅር ነው? ደግሞስ አሰልጣኙ እኛ ዶርም ውስጥ የለ። ሊያስተካክለው የሚችል በሌለበት ስሕተት መዘርዘር ማንን ይጠቅማል?

ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ ሁለት ማታ ወስዶብናል። ስለ ሰዓቱ ከተነሣ ልጁም እንከን አያጣም። ጎሏን ለሦስተኛ ጊዜ እስክናስገባ ቢታገሥ፣ ሻይ እስኪመጣ ቢጠብቅ ምን ነበረበት? (ጠብቋል፣ ለአምስተኛ ጊዜ እስክናስገባ ጠብቋል የሚልም ከመካከላችን አለ።) «ነገ ይነገር» ስንል ግን ነገ የቱ ነው? ቀጣዩን ብንሸነፍ፣ ያን ጊዜ ስሕተት የሚዘረዝረው ሰው በቁጭት ጥፋተኛ ፍለጋ የወጣ ይመስላል፤ ንዴቱን በግራ ተከላካዩ ላይ ይወጣል። ብናሸንፍ ደግሞ «ዛሬ አይደለም» ይባላል። ከሽንፈት በኋላ መናገር ምንም አያስከፍልም፤ ሁሉም እየተናገረ ነው። ከድል በኋላ የተናገረ ሰው ግን ከኪሱ ይከፍላል። ያ ልጅ የጓደኞቹን አልጋ ነው የከፈለበት። ለዚህ ነው ቃሉ ከሌሎቻችን ቃል የሚከብደው።

አሰልጣኙ አይሰማንም ለተባለው፣ እኛ እንሰማለን። ከእኛ አንዱ ባለፈው ሴሚስተር ሌሊቱን ያነበባት አንዲት ምዕራፍ ፈተና ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችውና ኤ አገኘ። ኮርሱን አያውቀውም። ጋበዘን፣ ጠጣን፣ እንኳን ደስ ያለህ አልነው። «ግን ታውቀዋለህ ወይ?» ያለው የለም። ከድሉ ማግሥት ይህን የሚጠይቀው ጓደኛ የሌለው ሰው ሲመረቅ የሚታከመው በሽተኛ፣ የሚሠራው ድልድይ ምን ይውጠው?

የብሎካችን ዘበኛ፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ በስታዲየሙ ዘመን ኳስ ያዩ ሰው ናቸው። ይህን ጉዳይ ብናጫውታቸው ሳቁና «እናንተ ልጆች ቡድናችሁ ሲያሸንፍ ‹አሸነፍን›፣ ሲሸነፍ ‹ተሸነፉ› ትላላችሁ። እኔ በሁለቱም ቀን ቲኬት ቆርጫለሁ» አሉን።

ጋሼ ያሉትን የሚያጸና ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሮበርት ሲያልዲኒ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ነው። የተጠኑት የእኛው ቢጤዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ኳሱ ግን ያ የእነሱ፣ በእጅ ታቅፈው የሚሮጡት ዓይነት ነው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ካሸነፈ ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱን ስም ያለበት ልብስ የሚለብስ ተማሪ በዛ። ስለ ጨዋታው በስልክ ሲጠየቁ፣ ከሽንፈቱ ይልቅ ድሉን ሲያወሩ ነው «እኛ» የሚሉት። ይህን ይበልጥ ያደረጉት ደግሞ ትንሽ ፈተና ቢጤ ተሰጥቷቸው «አልቀናህም» የተባሉት ናቸው። የተጠራው «እኛ» የራስን ጉድለት ሊሸፍን ነው የተጠራው ማለት ነው።

በአማርኛ ነገሩ ይባስ ይቀላል። «እኛ» ማለት እንኳ አያስፈልግም፤ መጨረሻ ላይ አንዲት «ን» ትበቃለች። አሸነፍን። በዚያች «ን» ውስጥ ያልሮጥን፣ ያልተመታን፣ ያላላበን ሁሉ ገብተን እንቀመጣለን። ሳምንት ቀደም ብሎ በተሸነፍንበት ቀን ምን ብለን እንደነበር እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። «እነዚህ ልጆች አዋረዱን» ነበር ያልነው። ጥፋቱ የእነሱ፣ ውርደቱ ብቻ የእኛ።

አሁን የልጁን ቃል መለስ ብለን እንየው። «ሽንፈታችን» ነው ያለው። «ድላችን» ነው ያለው። መሐል ሜዳውን «ትተንላቸው ነበር» አለ፤ «ትተውላቸው ነበር» አላለም። ለድሉም፣ ለሽንፈቱም፣ ለተከፈተው ግራ መስመርም አንዲቷን «ን» ሳይሰስት ሰጥቷል። «አንተ የማን ነህ?» የተባለው እሱ ነው። የጠየቅነው ደግሞ ከሳምንት በፊት «እነዚህ ልጆች» ስንል የነበርነው ነን።

ይህ ጥያቄ በዚህ አገር ቀልድ ሆኖ አያውቅም። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች «ሂስና ግለ ሂስ» የሚል ቃል ነበራቸው። ቃሉ ሰው ማዋረጃ፣ አልፎም ሰው ማጥፊያ ሆኖ ስለነበር ዛሬም የሰማው ታላላቅ ሰው ሁሉ ፊቱ ይጠቁራል። የእነሱን መከራ ከአንድ የኳስ ክርክር ጋር ለማወዳደር አንደፍርም። ያስተዋልነው አንድ ነገር ነው፦ የተናገርከው እውነት ነው ወይ ከማለት በፊት የማን ነህ ማለት ሲቀድም ክርክሩ እዚያው ላይ ያልቃል፤ የሚቀረው ማስወጣት ብቻ ነው። እኛ ይህን ለማድረግ መሣሪያም ሥልጣንም አላስፈለገንም። አራት አልጋና አንድ ሻርፕ በቃን።

ባለፈው ሰሞን ሦስታችን ሻይ በፔርሙስ፣ ቦንቦሊኖ በፌስታል ይዘን ወደ ብሎኩ ሄድን። ልብስ እያጠበ ነበር። ምን እንደሚባል ስላልተዘጋጀን አንዱ «ጠፋህ እኮ» አለው። «እናንተስ?» አለ። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ እጁን አድርቆ ደብተሩን ከትራሱ ሥር አወጣ። ያን ማታ ያልጨረሰውን ሊጨርስልን መስሎን ለመስማት ተዘጋጀን፤ የጠየቀው ልጅ ግን «ከሁሉ በፊት ጎሏን ንገረን» አለው።

ነገረን። ከምቷ አይደለም የጀመረው፤ ከግራ ተከላካያችን ነው፣ ያን ማታ ሦስት ጊዜ ተከፈተ ካለው ሰው። ጎሏ ከመግባቷ በፊት ያ ተከላካይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን ለቆ፣ ኳሷን ሳይነካት፣ በስክሪኑ ጥግ ሽቅብ ሮጦ ሁለት ሰው ወደ ራሱ ስቦ ኖሯል፤ አጥቂያችን የገባበት ክፍተት የተገኘው በዚያ ነው። እኛ ጎሏን ስድስት ጊዜ አስገብተናታል፤ ያን ሩጫ አንድ ጊዜም አላየነውም። ልጁ እስክሪብቶውን እያንቀሳቀሰ፣ ቀስት በቀስት እየሣለ፣ አንዱን ሰው ከሌላው እያገናኘ ቀጠለ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እሱ ገና መሐል ሜዳ ላይ ነበር።